የቅሬያችን ቃሬዛ

የአባቴን ማጅራት ከፊቱ ይልቅ አውቀዋለሁ። በግራ በኩል፣ ከጆሮው ዝቅ ብሎ፣ የምስር ፍሬ የምታክል ኪንታሮት አለችው። ሲቆጣ ማጅራቱ ይቀላል፤ ሊስቅ ሲል ደግሞ ከአፉ በፊት የሚንቀጠቀጠው እሱ ነው። ዓመታት ሙሉ ጀርባው ላይ ታዝዬ ትምህርት ቤት ስለተመላለስኩ፣ ሌላው ሰው ከፊት የሚያነበውን እኔ ከማጅራት ማንበብ ለምጃለሁ።

እግሮቼ ከተወለድኩ ጀምሮ አይታዘዙኝም። ለምን እንደሆነ ጤና ጣቢያውም፣ ሸሁም፣ ጠበል የሚያዘወትሩት ጎረቤቶቻችንም የየራሳቸውን ምክንያት ነግረውናል፤ እግሮቼ ግን ማንንም አልሰሙም። መንደራችን ከሐይቅ ከተማ በላይ፣ ወደ አምባሰል በሚያወጣው ዳገት ላይ ናት። እኩዮቼ ትምህርት ሲጀምሩ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ከተሰጣ እህል ላይ ዶሮ እከላከል ነበር። አስር ዓመት ሲሞላኝ አንድ ቀን ጠዋት አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ በርከክ አለና "ነይ ውጪ" አለኝ።

"የት ልንሄድ?"

"ትምህርት ቤት። ዶሮዎቹ ከእንግዲህ ራሳቸውን ይቻሉ።"

"አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ" ይባላል። ሁለተኛው ግማሽ እኔን አይመለከተኝም፤ የመጀመሪያውን ግን አሟጥጬ ተጠቀምኩበት።

እንዲህ ስል አባቴ ወልይ፣ ቅዱስ ሰው እንዳይመስላችሁ። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ያጉረመርማል። "ማታ ስንት እንጀራ ነው ያነሳሽው?" ይለኛል። ጭቃ ውስጥ ሊጥለኝ እያስመሰለ ያስጮኸኛል። መጽሐፉን ጭንቅላቱ ላይ ዘርግቼ ጮክ ብዬ እንዳነብለት ያዝዘኛል፤ በዚህ ምክንያት ፊደል ያልቆጠረው አባቴ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ ተማረ። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ላይ ግን ተጣላን። ውሃ ከሁለት ጋዞች የተሠራ ነው ብዬ ሳነብለት ሸንተረሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ላይ ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ይሄ ሁሉ ጋዝ ነው?"

"ነው።"

"ታዲያ ክብሪት ቢጫርበት?"

"አባዬ፣ ረፍዷል!"

"አስተማሪሽን ጠይቂልኝ። ካልመለሰ ነገ አላዝልሽም።"

አስተማሪው ስቆ ወደ ሰሌዳው ዞረ። አባቴ በማግስቱም አዘለኝ።

ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ቀበሌያችን ስብሰባ በስብሰባ ሆነ። አንድ ቀን ከወረዳ የመጡ ሰዎች አባቴን መድረክ ላይ አወጡትና "አርአያ አባት" የሚል ወረቀት በመስታወት አድርገው ሰጡት። ከመካከላቸው አንዱ ስለ ጽናት፣ ስለ አባት ፍቅር ብዙ ተናገረ፤ ሴቶች ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። በመጨረሻ ድምፅ ማጉያውን አቀበለውና "እስቲ ይንገሩን፤ ይህን ሁሉ ዓመት እንዲሸከሟት ያደረገዎ ምንድን ነው?" አለው። አባቴ ድምፅ ማጉያውን እንደ በቆሎ እሸት ጨበጠው።

"አህያችን ሞታ ነው" አለ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን ጀርባው ላይ ሆኜ "ሌላ የምትለው አጣህ?" ስለው፣ "ሌላው በድምፅ ማጉያ ይነገራል እንዴ?" አለኝ። ያለ ድምፅ ማጉያም አልነገረኝም።

ከወረቀቱ ጋር ዊልቸር ተሰጠኝ። ዊልቸሩ የተሠራው ለአስፋልት ነው፤ የእኛ መንገድ የተሠራው ለፍየል ነው። አንድ ቀን ሞከርነውና አባቴ ግማሹን መንገድ እኔን፣ ግማሹን ደግሞ እኔንም ዊልቸሩንም ተሸክሞ ገባ። ከዚያ ወዲያ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ዶሮዎቹ እንቁላል ይጥሉበት ጀመር። አባቴ ግን ተስፋ አልቆረጠበትም። "የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን እለፊ እንጂ" ይለኝ ነበር፤ "ሐይቅ ከተማ አክስትሽ ጋ ትቀመጫለሽ። እዚያ አስፋልት አለ። ሁለተኛ ደረጃውን በራስሽ መንኮራኩር ትማሪያለሽ።" ካላለፍኩ የሚጠብቀኝን ሁለታችንም እናውቃለን፦ ደጃፍ፣ ስጥና ዶሮ። ዕድሜ ልክ።

ስምንተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ጦርነቱ እኛ ጋ ደረሰ። ከባድ መሣሪያ ከማዶ ማጓራት ሲጀምር ሰዉ ያለውን ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። እማዬ ዱቄትና ብርድ ልብስ ያዘች፤ አባቴ እኔን ያዘ። ሦስት ቀን ሽቅብ ሄድን። መድፍ በጮኸ ቁጥር አባቴ የማባዛት ሰንጠረዥ ይጠይቀኛል። "ሰባት ጊዜ ስምንት!" ሲል እኔ ጆሮዬን ይዤ "ሃምሳ ስድስት!" እላለሁ። እስከ ዛሬ ሃምሳ ስድስት የሚባል ቁጥር ያስደነብረኛል። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ማጅራቱ በብርድ ላይ ያልበው ስለነበር እሱም እንደፈራ አውቄያለሁ።

ስንመለስ የትምህርት ቤታችን ዴስክ ማገዶ ሆኖ ጠበቀን። ዊልቸሩም የለም። እማዬ የወሰደውን ሰው ስትራገም አባቴ "ተይው፤ እግሩን የተመታ ሰው ተቀምጦበት ይሆናል" አላት። የእሱ ወገብ ደግሞ ከተራራው ስንወርድ ድንጋይ አዳልጦት፣ እኔን ላለመጣል ሲል ቋ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔን ማዘል ይቅርና ጫማውን ሲያደርግም "ያ ረቢ" ይላል። እቤት ሆኜ መጽሐፍ እየተዋስኩ አጠናሁ።

ክረምቱ ሲገባ፣ በጦርነቱ ምክንያት ላልተፈተንን ልጆች የአንድ ቀን ፈተና በሐይቅ ከተማ እንደሚሰጥ ተነገረ። በሩ የሚዘጋው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ያረፈደ አይገባም። ባጃጅ በክረምት ጭቃ መንደራችን አይደርስም። አባቴ ሁለት ቀን አሰበና ወደ ቅሬው ዳኛ ሄደ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት፣ ታማሚውን በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርስበት ነው። ዳኛችን ሕግ አክባሪ ነው። ከሕግ አክባሪነቱ የተነሳ ሚስቱ እንኳ ትፈራዋለች ይባላል። አባቴ ስለ ፈተናው አስረድቶት ሲጨርስ ዳኛው ጥያቄውን ጀመረ።

"ቃሬዛው ኸሁለት ለአንዱ ነው፤ ለታመመ ወይ ለሞተ። ልጅህ ታማለች?"

"አልታመመችም።"

"ሞታለች?"

"አላህ አያድርስ!"

"እንግዲያው ሕጉ አይፈቅድም።"

አባቴ ወገቡን ይዞ ተነሳ። "እኔስ? ወገቤን አሞኛል። ታማሚ እኔ ነኝ። ቃሬዛው ለእኔ ይውጣ።"

ዳኛው መዝገቡን ገልጦ ስሙን ጻፈና "እሽ፣ ለአንተ ወጥቷል" አለ። "ማን እንደሚተኛበት ሕጉ አይልም።" አባቴ እቤት መጥቶ ሲያወራልን በሳቅ ሞትን። እማዬ ብቻ አልሳቀችም።

በፈተናው ቀን ጎህ ሲቀድ ዳኛውና ሁለት ጎረቤቶች ቃሬዛውን ይዘው መጡ። አራተኛው ሰው ላሙ ምጥ ይዟት ቀረ። ስለዚህ ታማሚ ተብሎ የተመዘገበው አባቴ አራተኛውን ጫፍ በትከሻው ተሸከመ። እማዬ "አንተ ሰው፣ ወገብህን!" ብትል ማን ሊሰማት።

እኔ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነበረብኝ። ጀርባ ላይ መታዘል አንድ ነገር ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ፣ የገበያ ቀን፣ እንደ ታማሚ ተጋድሜ ከተማ ልገባ ነው። እኩዮቼ ያዩኛል። አባቴን ጋቢውን ተቀበልኩትና ከእግር እስከ ራሴ ተሸፋፈንኩ። በእኛ አገር ታማሚ በቃሬዛ ሲሄድ ፊቱን ገልጦ ነው፤ ተሸፍኖ የሚሄድ ሬሳ ብቻ ነው። ይህን አባቴም፣ ዳኛውም፣ እኔም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ነገር ግን አባቴ እግሩ ሥር ያለውን ጭቃ ያያል፣ ዳኛው ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ኩራቴን አያለሁ፤ ማንም ነገሩን አላሰበውም።

ከዳገቱ ሥር ያለው ወንዝ ላይ ስንደርስ የሌሊቱ ዝናብ ሞልቶት ነበር። እስኪጎድል ድረስ ቆመን ብዙ ጊዜ ባከነ። ከተሻገርን በኋላ መንገዱ ከገበያተኛው መንገድ ጋር ይገናኛል። እኔ ጋቢ ውስጥ ሆኜ የደም ዝውውርን እየከለስኩ ነበር። ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ሳንባ ሲደርስ፣ ከኋላዬ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ብዙ። እስከዚያ ድረስ ሲንገዳገድ የነበረው ቃሬዛ ቀጥ ብሎ እንደ ጀልባ መሄድ ጀመረ።

ጀናዛ፣ ማለት አስከሬን፣ አይጎተትም፤ ፈጠን ተብሎ ነው የሚሸኘው። ጀናዛ መሸከም ደግሞ አጅር፣ የአላህ ምንዳ፣ አለውና ያየ ሁሉ ጥቂት እርምጃም ቢሆን ሳይሸከም አያልፍም። ገበያተኛው ፍየሉን ለጓደኛው እየሰጠ፣ ዘንቢሉን እያስቀመጠ፣ ትከሻውን ያቀብላል፤ ሃያ እርምጃ ተሸክሞ ለሌላው ይለቃል። አባቴንም ጫፉን ተቀበሉት። እጁ ባዶ ሲሆን ነው ቀና ብሎ ሕዝቡን ያየው። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"ልጄ።"

"አቤት።"

"ሰዉ ሞታለች ብሎ ነው የሚሸከምሽ።"

"ሰምቻለሁ።"

"በአላህ፣ ልንገራቸው።"

"ስንት ሰዓት ሆነ?"

"ሁለት ሊሆን ነው።"

"ብትነግራቸው ይሄዳሉ?"

"ገበያ አለባቸው፤ ይሄዳሉ።"

"አራታችሁ ብቻችሁን ሁለት ተኩል ላይ ታደርሱኛላችሁ?"

ወገቡን ያዘ።

"እንግዲያው ሞቻለሁ" አልኩት።

"እኔ ውሸት አልናገርም!"

"አትናገር። ዝም በል።"

ከሞቱ አሟሟቱ ይላሉ፤ የእኔ አሟሟት ያማረ ነበር። አባቴን በመልኩ የሚያውቁት ማን እንደሞተች ገምተዋል። "ጨዋ ልጅ ነበረች" ይላል ከወዲህ አንዱ፤ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። "ዓይነ አፋር፣ ቃል የማይወጣት" ይላል ሌላው። እማዬ ብትሰማ ቃሬዛውን ትገለብጠው ነበር። ሳቄ ሲመጣ ጋቢውን ነከስኩ። በዚህ መካከል አንድ ሰው ከጎኔ መራመድ ጀመረ፤ በጋቢው ቀዳዳ ሳይ ጥላ የያዙ ቄስ ናቸው። ጋቢው አፌ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል አይተዋል። ሳይቆሙ፣ ቀስ ብለው፣

"ልጄ፣ ትተነፍሻለሽ" አሉኝ።

"አዎ፣ አባ።"

"ምነው ታዲያ?"

"ሚኒስትሪ አለብኝ፤ በሁለት ተኩል ይዘጋል።"

ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ከዚያ ጮክ ብለው "ፈጠን በሉ እንጂ ጎበዝ! ሊዘንብ ነው!" ሲሉ ሰማሁ። ሕዝቡም ሮጠ ማለት ይቻላል።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ሰዉ ወደ መቃብሩ ሊታጠፍ ሲል አባቴ በእጁ ወደ ትምህርት ቤቱ አመለከተ። "ሐዘን ነው፤ አእምሮውን ነስቶታል" አሉ፤ ግን ተከተሉት። በሩ ዘንድ ስንደርስ ተዘግቷል። ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ዛሬም አላውቅም። ዘበኛው ቀብር ወደ በሩ ሲመጣበት ኮፍያውን አውልቆ ደረቀ። ከእንግዲህ ሞቼ የምጠቀመው ነገር አልነበረም። ጋቢውን ገፍፌ ተቀመጥኩና መፈተኛ ካርዴን ዘረጋሁ።

"ልፈተን ነው የመጣሁት" አልኩ።

ቃሬዛው በአንድ ጎን ዘመም አለ፤ ዳኛው ባይዘው በዚያችው ደቂቃ እውነትም እሞት ነበር። ግማሹ ሰው ሸሸ፣ ግማሹ አላህን ጠራ። ከፊት ጫፉን ይዘው የነበሩ አንድ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ፊታቸው ተለዋወጠ። "በቀብር ይቀለዳል?" አሉ ወደ አባቴ ዞረው። አባቴ መሬት መሬት እያየ "አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" አለ። "አልዋሸሁም፤ ዝም ነው ያልኩት። ዛሬ ካልገባች ትምህርቷ አለቀ። እኔ ደግሞ ወገቤ አልቋል፤ ኸእንግዲህ አላደርሳትም።" ከተራራው ቀጥሎ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ቢዞሩ ሌላውም ይከተላቸው ነበር።

ዘበኛው ኮፍያውን መልሶ አደረገ። "ሰዓት አልፏል፤ አይቻልም" አለ።

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። ቁጣቸው ሰው አገኘ። "ምን አልክ? እኔ በግ ሳልሸጥ ትቼ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ገበያውን ጥሎ፣ ኸወንዙ እስተዚህ በትከሻችን አምጥተናት ልትመልሳት ነው? ወይ ትገባለች፣ ወይ እዚህ በርህ ላይ ቀብረናት እንሄዳለን!" ቄሱም ጥላቸውን በበሩ ፍርግርግ መካከል ሰደዱ። ዘበኛው በሩን ከፈተ።

ወደ ክፍሉ ያስገባኝ አባቴ ነው። ሰው እንዲያግዘው አልፈቀደም። ማዘል ስላልቻለ በክንዶቹ አነሳኝ፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ሆንን። ሲሸከመኝ ፊቱ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከንፈሩን ነክሷል። ግንባሩ ላይ አንድ ጅማት ቆሟል። ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። በዚያ ሁሉ ዓመት ማጅራቱ ይህን አንድ ቀን አልነገረኝም።

"አባዬ፣ አመመህ?"

"ሰባት ጊዜ ስምንት?"

"ሃምሳ ስድስት።"

"በቃ፣ አልፈሻል" ብሎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ።

እውነቱን ነው፤ አለፍኩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ግን በእንባ ነው የሠራኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ስወጣ አብዛኛው ሰው ገበያው ሄዷል። ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ዳኛውና አሥር የሚሆኑ ሰዎች ግን ከበሩ ፊት ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። "ቀብር የወጣ ሰው ነገሩ ሳያልቅ አይበተንም" አሉኝ ሽማግሌው፤ አሁንም እንደተቆጡ ናቸው። አባቴ መሐላቸው ተጋድሟል። ሊነሳ ሲል አልቻለም። ጤና ጣቢያ ወስደው መርፌ ካስወጉት በኋላ ዳኛው ቃሬዛውን አጠገቡ ዘረጋ። "ታማሚ ተብለህ በስምህ ወጥቷል፤ ተኛበት" አለው። ሳቅንበት የነበረው ሁሉ እውነት ነበር።

እኔንም ከራስጌው አስቀመጡኝ። ሁለታችን አንድ ቃሬዛ ላይ፣ ራሱ ጭኔ ላይ፣ እየተፈራረቁ ተሸክመው ወደ መንደራችን ዳገት ጀመሩ። ካፊያ ሲጀምር አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አዩን፤ ቆሙ፤ ዕቃቸውን ማስቀመጥ ጀመሩ። አንዱ "ላ ኢላሃ" ሲል ጋቢውን ገፈፍኩት።

"አልሞተም!" ብዬ ጮኽኩ።

አባቴ መልሶ ተሸፈነ። መልሼ ገፈፍኩት። ዳገቱ ላይ ሌሎች ሲመጡ "አልሞተም! ወገቡን ነው! አባቴ ነው፣ አልሞተም!" አልኩ። ዓይነ አፋርነቴ እዚያው ላይ አለቀ፤ እኩዮቼ ዳር ቆመው ሲያዩኝም ዞር አላልኩም።

"ኧረ ዝም በይ" አለኝ ከጋቢው ሥር፣ ሆዱ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ። "ዳገቱ እስኪያልቅ ብቻ። ሰው ይሸከም።"

ጠዋት እኔ ሞቼ ስሄድ ደንታ አልነበረኝም። እሱን ግን ለአንዲት ዳገት እንኳ ሞተ እንዲሉት አልፈቅድም። ጋቢውን ከእጁ ቀምቼ ሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩበትና እስከ ቤታችን በር ድረስ ጮኽኩ።